ለሌሎች መብት የተሟገተው ከርት ፍለድ

በዕረፍት ሰዓት ተማሪዎቻችን ስለ እግር ኳስ ተጫዋቾች ዝውውር ሲከራከሩ እንሰማለን። ማን ውሉን ጨርሶ ወደየትኛው ክለብ እንደሚሄድ ከእኛ ከመምህራኑ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ። ውሉን የጨረሰ ተጫዋች ወደ ፈለገው ክለብ መሄዱ ዛሬ የተለመደ ነው። ይህ መብት ግን በየስፖርቱና በየአገሩ በክርክር የተገኘ ነው። በአሜሪካ ቤዝቦል ስለዚህ መብት ሲወራ ስሙ ቀድሞ የሚነሳው ከርት ፍለድ ነው። የሕይወቱን ታሪክ በአጭሩ እነሆ፤ ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከርት ፍለድ በ1938 በቴክሳስ ግዛት በሂውስተን ከተማ ተወለደ፤ ያደገው ግን በካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ነው። በ18 ዓመቱ የቤዝቦል ተጫዋችነትን ሥራው አደረገ። መጀመሪያ የተላከው በደቡብ ወደሚገኙ አነስተኛ ቡድኖች ነበር። በዚያ ዘመን ጥቁር በመሆኑ ከነጭ የቡድን ጓደኞቹ ጋር በአንድ ምግብ ቤት መብላት፣ በአንድ ሆቴል ማደር አይፈቀድለትም ነበር። ከ1958 ጀምሮ ለሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ 12 ዓመት ተጫወተ። ከ1963 እስከ 1969 በተከታታይ ለሰባት ዓመታት ለምርጥ ተከላካዮች የሚሰጠውን የወርቅ ጓንት ተሸለመ። ቡድኑም በ1964 እና በ1967 ሻምፒዮን ሆነ።

በጥቅምት 1969 ክለቡ ፍለድን ሳያማክር ከሌሎች ተጫዋቾች ጋር ለፊላዴልፊያ ክለብ በልዋጭ ሰጠው። የጊዜው ደንብ ይህን ይፈቅድ ነበር። በተጫዋቾች ውል ውስጥ አንድ አንቀጽ ነበረ፤ ውሉ ባለቀ ቁጥር ክለቡ ያለ ተጫዋቹ ፈቃድ ለተጨማሪ ዓመት ሊያድሰው ይችላል። ስለዚህ ክለቡ ተጫዋቹን መሸጥ ወይም መለወጥ ሲችል፣ ተጫዋቹ ግን ከመቀበል ወይም ጨዋታውን ከመተው ሌላ ምርጫ አልነበረውም። የክለብ ባለቤቶቹ ደንቡ ከተነሣ ሀብታም ክለቦች ጎበዞቹን ሁሉ ሰብስበው ውድድሩን ያጠፉታል ብለው ይከራከሩ ነበር።

ፍለድ የ90 ሺህ ዶላር ደመወዝተኛ ነበር፤ በጊዜው ብዙ ገንዘብ ነው። ቢሆንም ሰው እንደ ዕቃ መለወጥ የለበትም ብሎ ለቤዝቦሉ ኮሚሽነር ጻፈ፤ ተቀባይነት ስላላገኘም በ1970 መጀመሪያ ክስ መሠረተ። የተጫዋቾች ማኅበር መሪ ማርቪን ሚለር አስቀድመው አስጠንቅቀውት ነበር፦ የማሸነፉ ዕድል ጠባብ ነው፤ ቢያሸንፍም የሚጠቀሙት ከእሱ በኋላ የሚመጡት ናቸው። ፍለድ ይህን እያወቀ ገፋበት፤ የጠበቃውን ወጪ ማኅበሩ ቻለለት። በ1970 አንድም ጨዋታ አልተጫወተም።

ችሎቱ በኒው ዮርክ ሲሰየም ከብዙ ዓመታት በፊት ጨዋታ ያቆመው ዝነኛው ጃኪ ሮቢንሰን መጥቶ መሰከረለት። በወቅቱ ይጫወቱ ከነበሩት ግን አንድም ሰው ለምስክርነት አልቀረበም። ጉዳዩ የሁሉም ነበር፤ እንጀራውን የሚያጣው ግን አንዱ ብቻ ሆነ። ፍለድ በ1971 ለዋሽንግተን 13 ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ አቆመ። በሰኔ 1972 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ3 በሆነ ድምፅ ፈረደበት።

ክርክሩ ግን በዚያ አላበቃም። ማኅበሩ ከባለቤቶቹ ጋር ተደራድሮ አለመግባባቶች በገለልተኛ ዳኛ እንዲታዩ አስወስኖ ነበር። በታኅሣሥ 1975 ያ ዳኛ፣ ለአንድ ዓመት አዲስ ውል ሳይፈርሙ የተጫወቱ ሁለት ተጫዋቾች ነፃ ናቸው ብሎ ወሰነ። አሮጌው ደንብ በዚህ ተሰበረ፤ የተጫዋቾች ደመወዝም በብዙ እጥፍ አደገ። ፍለድ ከዚያ ገንዘብ አልደረሰውም። በ1997 በጉሮሮ ካንሰር በ59 ዓመቱ አረፈ። በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ ምክር ቤት የተጫዋቾችን መብት የሚመለከት ሕግ በስሙ አወጣ።

ውድ ተማሪዎቻችን፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ መሆኑን ከልጅነታችሁ ትሰማላችሁ። የፍለድ ታሪክ ይኸው ነው። ከመካከላችሁ አንዱ ስለ ሁላችሁ ተነሥቶ ሲናገር፣ እጃችሁን አውጥታችሁ አብራችሁት ተናገሩ። እኛም መምህራን የተናገረውን ልጅ ሳንቆጣ ልናዳምጠው ይገባናል።