ድምፁ ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይለይም

ሰው ሲያነጋግራችሁ ድምፁ እየተሰማችሁ ቃሉን መለየት አቅቷችሁ ያውቃል? ድገምልኝ ማለቱ አሳፍሯችሁስ ራሳችሁን ነቅንቃችሁ ብቻ አልፋችኋል? እንግዲያው የታላቁ የሙዚቃ ሰው የሉድቪግ ቫን ቤትሆቨን ታሪክ ይመለከታችኋል።

ቤትሆቨን እ.ኤ.አ በ1770 በጀርመን ቦን ከተማ ተወለደ። በ1792 ወደ ቪየና ሄዶ በፒያኖ ተጫዋችነቱ ስመ ጥር ሆነ። ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው ግን ጆሮው ይጮኽበት፣ እያደርም ይከብደው ጀመር። ቴአትር ቤት ሲገባ ተዋናዮቹን ለመስማት ወደ መድረኩ በጣም መጠጋት ነበረበት። ራቅ ሲል ቀጫጭን ድምፆች አይሰሙትም። ዝግ ብለው ሲያነጋግሩት ቃሉ ይጠፋበታል፤ ሲጮኹበት ደግሞ ጆሮው አይችለውም።

ሰዎች ሐሳቡ ሌላ ቦታ የሄደ ይመስላቸው ነበር። እሱም ሙዚቀኛ ሆኖ አልሰማም ማለት ከብዶት ለሁለት ዓመት ያህል ከሰው ሸሸ። ምስጢሩን ሐኪም ለሆነ ወዳጁ በደብዳቤ የገለጠው በ1801 ነው። በ1802 ደግሞ ሃይሊገንሽታት በተባለች መንደር ሳለ፣ ሕይወቱን ለማጥፋት ተቃርቦ እንደነበርና ሙዚቃው እንዳቆየው ለወንድሞቹ ጻፈ። ያ ደብዳቤ የተገኘው ከሞተ በኋላ ነው።

ከ1818 ጀምሮ እንግዶቹ በደብተር ይጽፉለት፣ እሱ በቃል ይመልስላቸው ነበር። በ1824 ዘጠነኛው ሲምፎኒው ሲቀርብ ጭብጨባውን አልሰማም፤ አንዲት ድምፃዊት ወደ ሕዝቡ አዙራው በዓይኑ አየው። በ1827 በ56 ዓመቱ ዐረፈ።

የዘመኑ ሕክምና ቤትሆቨንን አላዳነውም። ዛሬ ግን በኩክ መደፈን ወይም በመሐል ጆሮ ኢንፌክሽን የመጣ የመስማት ችግር ብዙውን ጊዜ ይታከማል፤ ጉዳቱ የነርቭ ሲሆንም የመስሚያ መሣሪያ ይረዳል። ስለዚህ ጆሯችሁ ከከበደ የክብሪት እንጨትም ሆነ ዘይት አትክተቱበት፤ ተመርመሩ፤ ካስፈለገም ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ትላካላችሁ። በድንገት መስማት ያቆመ ጆሮ ግን ነገ አይባልም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ቤተሰብም አይጩህ። ፊት ለፊት ሆናችሁ፣ ረጋ ብላችሁ፣ ቃሉን ለይታችሁ ተናገሩ። እናንተም በደንብ አልሰማም ለማለት አትፈሩ። ቤትሆቨንን ከጆሮው መክበድ ባልተናነሰ የጎዳው መደበቁ ነበር።