የካትሊን ፌሪየር የሕይወት ታሪክ

ዛሬ ታሪኳን ባጭሩ የማቀርብላችሁ እንግሊዛዊቷ ዘፋኝ ካትሊን ፌሪየር በ1912 ዓ.ም. በላንከሻየር አውራጃ ሃየር ዎልተን በምትባል መንደር ተወለደች። (ዘመኑን ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ጽፌዋለሁ።) አባቷ የትምህርት ቤት መምህር ነበሩ፤ ነገር ግን ጡረታ የሚወጡበት ጊዜ ስለ ተቃረበ የቤቱ ገቢ የሚያንስ ሆነ። ስለዚህ ካትሊን በ14 ዓመቷ ትምህርቷን ትታ በብላክበርን ከተማ በፖስታ ቤት የስልክ ሥራ ያዘች። በ1935 ሰዓት ለሚጠይቁ ደንበኞች በስልክ የሚናገር መልካም ድምፅ ሲፈለግ እርሷም ተፈትና ሳትመረጥ ቀረች። ፈታኞቿ ኋላ ዝናዋን ሲሰሙ ምን ብለው ይሆን?

ያን ጊዜ የምትታወቀው በፒያኖ ነበር። በ1937 በካርላይል የሙዚቃ ውድድር በፒያኖ ልትወዳደር ስትል ባሏ ለዘፈኑማ አትደፍሪም ብሎ በአንድ ሽልንግ ተወራረዳት። እርሷም በሁለቱም ገብታ ሁለቱንም አሸነፈች።

እዚህ ላይ ስለ ድምፅ አከፋፈል ጥቂት ልግለጥ። በኦፔራ የሴቶች ድምፅ በሦስት ይመደባል፤ ቀጭኑ ሶፕራኖ፣ መካከለኛው ሜዞ ሶፕራኖ፣ ወፍራሙ ኮንትራልቶ ይባላል። የሚታየውም ዘፋኟ እስከ የት ልትወጣና ልትወርድ እንደምትችል ብቻ ሳይሆን፣ ድምፅዋ ሳይጨነቅ የሚያርፍበት ስፍራና የድምፁ ጠባይ ጭምር ነው። እውነተኛ ኮንትራልቶ በብዛት አትገኝም። የኦፔራ ደራሲዎችም የፍቅረኛይቱን ክፍል ለሶፕራኖ ሰጥተው ለኮንትራልቶ ብዙ ጊዜ የእናትን፣ የአሮጊትን ወይም የጠንቋይን ክፍል ይተዉላታል። እኔ ይህን አድልዎ እለዋለሁ።

ካትሊን ኮንትራልቶ ነበረች። በጦርነቱ ዘመን በየፋብሪካው እየዞረች ለሠራተኞች ዘፈነች፤ በ1947ም በኤዲንብራ በብሩኖ ዋልተር መሪነት የማህለርን ሥራ አሰማች። በኦፔራ መድረክ ግን በዕድሜዋ ሁሉ የተጫወተችው ሁለት ክፍል ብቻ ነው። አንደኛው በ1946 በግላይንድቦርን የተጫወተችው የብሪተን ሉክሪሺያ ነው። ሁለተኛው ግሉክ በ1762 የደረሰው ኦርፌዎስ ነው፤ ይኸውም የሞተች ሚስቱን ፍለጋ ወደ ሙታን አገር የሚወርድ ባል ነው። ወንድ ቢሆንም ክፍሉ ለወፍራም የሴት ድምፅ ይስማማል።

በ1951 የጡት ነቀርሳ ያዛት። ሆኖም በየካቲት 1953 በለንደን በኮቨንት ጋርደን ሰር ጆን ባርቢሮሊ እየመሩ ኦርፌዎስን አራት ምሽት ልትጫወት ተዘጋጀች። በሁለተኛው ምሽት በመድረክ ላይ ሳለች በበሽታው የተጎዳው የእግሯ አጥንት ተሰበረ። እርሷ ግን ሕመሙን ችላ እስከ መጨረሻው ዘፈነች፤ ከተመልካቾቹም ብዙዎቹ የሆነውን አላወቁም። ከዚያ ወዲያ መድረክ አልወጣችም። ጥቅምት 8 ቀን 1953 በ41 ዓመቷ ዐረፈች።

ድምፅዋን መስማት የሚሻ ሰው በ1952 በቪየና ታማ ሳለች ከዋልተር ጋር ያስቀረጸችውን የማህለር ሸክላ ይፈልግ።