ኦድሪ ሄፕበርን፦ ከሲኒማ መጋረጃ እስከ መቀሌ

በ1980 ዓ.ም. አገራችን በድርቅና በጦርነት በተፈተነችበት ወቅት፣ በመቀሌ ከተማ ወደሚገኝ አንድ የወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ አንዲት ቀጭን የውጭ አገር ሴት መጡ። በማሳደጊያው 500 ያህል በረኀብ የተጎዱ ሕፃናት ነበሩ። እነዚያ ሕፃናት እንግዳዋ ስማቸው በዓለም ሲኒማ ቤቶች ሁሉ የታወቀ ተዋናይ መሆናቸውን የሚያውቁበት ምክንያት አልነበረም። ኦድሪ ሄፕበርን ግን በሕፃናቱ ፊት ላይ ያነበቡት ነገር ለእርሳቸው እንግዳ አልነበረም፤ ረኀብን በልጅነታቸው በገዛ ሰውነታቸው ያውቁት ነበርና።

ኦድሪ ሄፕበርን በቤልጂየም ዋና ከተማ ብራስልስ፣ ኢክሰል በተባለ አካባቢ ሚያዝያ 26 ቀን 1921 ዓ.ም. ተወለዱ። እናታቸው ከኔዘርላንድ ባላባት ቤተሰብ የተገኙ ነበሩ። አባታቸው ቤተሰቡን ጥለው ሲሄዱ ኦድሪ ገና የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ይህም ለረጅም ዘመን ያልሻረ ሐዘን ሆኖባቸው ኖረ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንደተቀሰቀሰ እናታቸው ከአደጋ የተጠበቀ ቦታ መስሏቸው ወደ ኔዘርላንድ ወሰዷቸው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1940 አገሪቱ በናዚ ጀርመን ተወረረች። ከሁለት ዓመት በኋላም የአክስታቸው ባለቤት በወራሪው ጦር በጥይት ተደብድበው ተገደሉ።

እ.ኤ.አ. ከ1944 መገባደጃ እስከ 1945 መጀመሪያ የነበረው ክረምት በኔዘርላንድ ታሪክ የረኀብ ክረምት ተብሎ ይታወቃል። የምግብ መንገድ በመዘጋቱ 20,000 ያህል ሰዎች እንደሞቱ ይገመታል። የኦድሪ ቤተሰብም እንደ ጎረቤቶቹ የቱሊፕ አበባ ሥር ፈጭቶ እስከ መመገብ ደረሰ። በ15 ዓመት ዕድሜያቸው ላይ የነበሩት ኦድሪ ሰውነታቸው አበጠ፤ የደም ማነስና የመተንፈሻ አካል ሕመምም ጸናባቸው። ጦርነቱ ሲያበቃ የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታና መልሶ ማቋቋም ድርጅት ምግብና መድኃኒት ይዞ ደረሰ። ለረጅም ጊዜ ባዶ የነበረው ሆዳቸው በአንድ ጊዜ የተመገቡትን ጣፋጭ ወተት መሸከም አቅቶት መታመማቸውን ኦድሪ ከብዙ ዓመታት በኋላም ፈገግ እያሉ ያወሱት ነበር። ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ1946 የተቋቋመው የዚህን ድርጅት ሕፃናትን የመርዳት ተግባር በመውረስ ስለሆነ፣ ራሳቸውን ከመጀመሪያዎቹ የእርዳታው ተጠቃሚዎች አንዷ አድርገው ይቆጥሩ ነበር።

የልጅነት ምኞታቸው የባሌ ዳንሰኛ መሆን ነበር። ለንደን ሄደው ቢማሩም፣ ቁመታቸውና በረኀቡ ዘመን የተጎዳው ሰውነታቸው ለዋና ዳንሰኝነት እንደማያበቃቸው ተነገራቸው። ምኞታቸው ቢሰበርም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ በሙዚቃዊ ትርኢቶች ላይ ከአጃቢዎች ጋር እየጨፈሩ እንጀራቸውን ማግኘት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1951 በኒው ዮርክ መድረክ ላይ በመሪ ተዋናይነት ቀረቡ። ቀጥሎም በሮም ከተማ የተቀረጸውና እ.ኤ.አ. በ1953 ለእይታ የበቃው ሮማን ሆሊደይ የተሰኘ ፊልም የኦስካር ሽልማት አስገኘላቸው።

ከዚህ ፊልም ጋር ተያይዞ በፍቅር የሚታወስ አንድ ታሪክ አለ። አብሯቸው የተወነው ታዋቂው ግሪጎሪ ፔክ፣ በውሉ መሠረት በማስታወቂያው አናት ላይ ብቻውን መጠራት ይገባው ነበር። እርሱ ግን የአዲሲቷን ተዋናይ ችሎታ ካየ በኋላ ስማቸው ከእርሱ ስም እኩል እንዲጻፍ ጠየቀ፤ ተፈጸመም። ሁለቱ እስከ መጨረሻው ወዳጅነታቸው አልተቋረጠም።

ከዚያ በኋላ ሳብሪና፣ የመነኩሲቷ ታሪክ፣ ቁርስ በቲፋኒ፣ ማይ ፌር ሌዲ እና ሌሎችም ፊልሞች ተከታተሉ። ይሁንና ኦድሪ በዝናቸው ከፍታ ላይ ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. ከ1967 በኋላ፣ ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን ለማሳደግ ሲሉ ከፊልም ሥራ ለዓመታት ራቁ። ታናሹ ልጃቸው በሕፃንነቱ እናቱ ዝነኛ መሆናቸውን አያውቅም ነበር። ጋዜጠኞች ስለ ኦድሪ ሄፕበርን ሲጠይቁት፣ እርሱ የወይዘሮ ዶቲ ልጅ እንደሆነና እነርሱ ተሳስተው እንደመጡ ይነግራቸው እንደነበር ካደገ በኋላ ተርኳል። ልጆቹ የሚያስታውሷቸው በስዊዘርላንድ ቶሎሼናዝ መንደር በሚገኘው ቤታቸው የአትክልት ቦታቸውን የሚንከባከቡ፣ ውሾቻቸውን የሚወዱ፣ በቲማቲም ስጎ የተሠራ ፓስታ ደስ የሚላቸው እናት አድርገው ነው።

ልጆቻቸው ካደጉ በኋላ የዩኒሴፍ በጎ ፈቃድ አምባሳደር ሆኑ። ይህ ደመወዝ የሚታሰብበት ሥራ አልነበረም። የመጀመሪያ ተልእኳቸውም ወደ ኢትዮጵያ ሆነ። በመቀሌው ማሳደጊያ የነበሩትን ሕፃናት ከጎበኙ በኋላ ዩኒሴፍ ለማሳደጊያው ምግብ እንዲልክ አደረጉ። ከዚህ ተመልሰውም አላረፉም። በአሜሪካ፣ በካናዳና በአውሮፓ ለሳምንታት እየተዘዋወሩ፣ አንዳንድ ቀን እስከ 15 ለሚደርሱ መገናኛ ብዙኃን ቃለ ምልልስ በመስጠት ስለ ኢትዮጵያ ሕፃናት አስረዱ። ጋዜጠኞቹ ስለ ፊልምና ስለ አለባበስ ሊጠይቁ ሲመጡ፣ እርሳቸው ወሬውን ወደ ምግብ፣ ወደ ንጹሕ ውኃና ወደ ክትባት ይመልሱት ነበር። ስማቸው የሚከፍተውን በር ሁሉ ለሕፃናቱ አስከፈቱበት።

በቀጣዮቹ ዓመታትም በቱርክ የክትባት ዘመቻን፣ በላቲን አሜሪካ ለችግረኛ ሕፃናት የሚደረገውን ድጋፍ፣ በሱዳን በጦርነት መካከል እርዳታ የማድረስ ሥራን፣ በባንግላዴሽና በቬትናም የሕፃናት ጤናና የንጹሕ ውኃ ሥራዎችን ጎበኙ። በአሜሪካ ምክር ቤት ቀርበው ስለ ሕፃናት ተናገሩ። እ.ኤ.አ. በ1990 በተካሄደው የዓለም የሕፃናት ጉባኤም ተሳተፉ።

የመጨረሻ ጉዟቸው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1992 ወደ ሶማሊያ ነበር። ያዩት መከራ ከቀድሞዎቹ ሁሉ የከፋ ስለነበር ልባቸው እጅግ ማዘኑን አብረዋቸው የተጓዙት ያስታውሳሉ። ከተመለሱ በኋላ ሆዳቸውን ያሠቃያቸው የነበረው ሕመም ካንሰር መሆኑ ታወቀ። በአሜሪካ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ነገር ግን ተስፋ አልነበረውም። የገናን በዓል በቤታቸው ለማክበር በመመኘታቸው፣ ልብሳቸውን ለአርባ ዓመታት ያህል የነደፈላቸው ወዳጃቸው ዤቫንሺ የግል አውሮፕላን አፈላልጎ፣ ውስጡንም በአበባ አስሞልቶ ወደ ስዊዘርላንድ እንዲመለሱ አደረገ። ምኞታቸው ተፈጽሞ በዓሉን ከልጆቻቸው ጋር አሳለፉ። ኢትዮጵያ ጥምቀትን ባከበረች ማግስት፣ ጥር 12 ቀን 1985 ዓ.ም.፣ በ63 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። በዚያችው መንደር መካነ መቃብርም አረፉ።

ከመሞታቸው አንድ ወር ገደማ በፊት የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል ሰዎች ከሚሰጣቸው ሁሉ የላቀው የፕሬዚዳንቱ የነጻነት ሜዳልያ ተበርክቶላቸዋል። ከሞቱ በኋላም ለሰብዓዊ አገልግሎታቸው የተሰጠውን የኦስካር ክብር ታላቁ ልጃቸው ተቀብሎላቸዋል።

የኦድሪ ሄፕበርን ሕይወት ለወላጆችና ለአሳዳጊዎች የሚያስተላልፈው ትምህርት ግልጽ ነው። በ1937 ዓ.ም. በኔዘርላንድ በረኀብ የተዳከመች አንዲት ልጅ በጊዜው የደረሰላት ምግብና መድኃኒት ከሞት አተረፋት፤ ያች ልጅም አድጋ ከ40 ዓመታት በላይ ካለፈ በኋላ መቀሌ ድረስ መጥታ ለሌሎች ሕፃናት ደረሰች። ለአንድ ሕፃን በጊዜው የሚደረግ እርዳታ የት እንደሚደርስ ማንም አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ያለ ክፍያ የሚሰጥ ክትባት፣ የሕፃኑ ክብደት በወቅቱ መለካቱ፣ ወላጅ ያጣ የጎረቤት ልጅ ችላ አለመባሉ ቀላል ነገሮች ይመስላሉ። ቢዘገዩ ግን ሕፃኑን ለጉዳት ሊያጋልጡት ይችላሉ።