ስቱ አንገር፦ የሰው ካርታ የሚያነበው፣ ገንዘብ የማይበረክትለት

ቤተሰቦች፣ ዛሬ የምናወራችሁ ስለ አንድ ቁማርተኛ ነው። ቁማርን ልናሞግስ አይደለም፤ እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው ይህን ራሱ ያየዋል።

ስቱ አንገር በ1953 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ተወለደ። አባቱ ቡና ቤት ነበረው፤ ከዚያ ጎን ለጎን ደግሞ ውርርድ ያስይዝ ነበር። ልጁ ካርታ የለመደው እዚያው ነው። አባቱ ሲሞት ገና ታዳጊ ነበር፤ ትምህርቱን ጥሎ ሙሉ በሙሉ ወደ ካርታ ገባ።

የመጀመሪያ ጨዋታው ፖከር እንዳይመስላችሁ፤ ጂን ራሚ ነው። ሁለት ሰው አሥር አሥር ካርታ ይዞ አንድ እየሳበ አንድ እየጣለ፣ ተመሳሳይ ቁጥሮችን ወይም ተከታታይ ካርታዎችን ይሰበስባል። ኮንከር የምትጫወቱ ሐሳቡ አይጠፋችሁም። አንገር ተጫዋቹ በጣላቸው ጥቂት ካርታዎች ብቻ እጁ ላይ የቀረውን ይደርስበት ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ሁሉንም ሲያሸንፍ አብሮት የሚቀመጥ ጠፋ! በ1970ዎቹ መጨረሻ ላስ ቬጋስ ገባ። ብላክጃክ ሲሞክር ደግሞ የወጡትን ካርታዎች በሙሉ በቃሉ ስለሚይዝ ካዚኖዎቹ አናጫውትም አሉት። የቀረው ፖከር ነበር።

ለማታውቁት በአጭሩ እናስረዳ፤ ፖከር አንድ ጨዋታ አይደለም። በድሮው ዓይነት እያንዳንዱ ሰው አምስት ካርታ ደብቆ ይይዛል፣ የማይፈልገውን አንዴ ይቀይራል፣ አለቀ። በሰባት ካርታው ስተድ አራቱ ተገልጠው፣ ሦስቱ ተደብቀው ይታደላሉ። በኦማሃ አራት ካርታ ይዘህ የግድ ሁለቱን ብቻ ነው የምትጠቀመው። ዛሬ በየቴሌቪዥኑ የምናየው ቴክሳስ ሆልደም ነው፦ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ድብቅ ካርታ ይታደላል። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ መጀመሪያ ሦስት፣ ቀጥሎ አንድ፣ በመጨረሻም አንድ የጋራ ካርታ ይገለጣል። በየመሃሉ ገንዘብ ይያዛል፣ ከሰባቱ ምርጥ አምስት ያለው ይወስዳል። ገደብ የሌለው ሲሆን ያለህን ሁሉ በአንድ ጊዜ መግፋት ትችላለህ። እንግዲህ እዚህ ላይ ካርታህ ብቻ ሳይሆን ልብህም ይፈተናል። የሰው እጅ ለሚያነበው ለአንገር ከዚህ የተመቸ ጨዋታ ከየት ይምጣ?

በ1980 በዓለም ፖከር ሻምፒዮና ዋናው ውድድር ላይ ቀረበ። በሆልደም ውድድር ሲጫወት የመጀመሪያው ነበር። መጨረሻ ላይ የገጠመው የሁለት ጊዜ ሻምፒዮኑን ዶይል ብራንሰንን ነው። ብራንሰን አስና ሰባት፣ አንገር አምስትና አራት ያዙ። ጠረጴዛው ላይ አስ፣ ሰባትና ሁለት ወጣ። ብራንሰን ሁለት ጥንድ አገኘ፤ አንገር ሦስት ቁጥር ብትመጣለት ከአስ እስከ አምስት ያለው ሰልፍ ይሞላለታል። መጣችለት። በጊዜው ከነበሩት ሻምፒዮኖች ሁሉ በዕድሜ ትንሹ ሆነ፤ "ልጁ" የሚለው ቅጽል ስምም ጸናለት። በ1981 ደገመው።

ግን ገንዘቡ አልተቀመጠም። ካርታ ላይ ያገኘውን ፈረስ ግልቢያና የስፖርት ውርርድ ላይ ይበትነው ነበር። ልብ በሉ፣ እነዚህ ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚያነበው ሰው የሌለባቸው ነገሮች ናቸው። ኮኬይኑም ተጨመረበት። በ1990 ውድድሩ ላይ ብዙ ቺፕስ ይዞ እየመራ ሳለ በሦስተኛው ቀን ቀረ፤ ሆቴል ክፍሉ ውስጥ ራሱን ስቶ ተገኘ። የሚገርመው፣ ወንበሩ ባዶ ሆኖ ቺፕሱ በየዙሩ እየተቀነሰ እንኳ ዘጠነኛ ወጣ።

በ1997 መግቢያውን 10,000 ዶላር የከፈለለት ጓደኛው ቢሊ ባክስተር ነው። አንገር በዕፅ የተጎዳ አፍንጫውን ለመሸፈን ሰማያዊ መነጽር አድርጎ ተቀመጠ፤ ከ312 ተወዳዳሪዎችም አንደኛ ወጣ። የመጨረሻው እጅ ላይ እሱ አስና አራት፣ ተጋጣሚው ጆን ስትርዜምፕ አስና ስምንት ነበራቸው። ጠረጴዛው ላይ አስ፣ አምስት፣ ሦስት፣ ሦስት ወጥቶ አንዲት ካርታ ስትቀር አንገር እየተመራ ነበር። የመጨረሻዋ ካርታ ሁለት ሆና መጣች። ከአስ እስከ አምስት፣ ልክ እንደ 1980ው! ከ17 ዓመት በኋላ በዚያው ሰልፍ አሸነፈ። ዋናውን ውድድር ተጫውቶ ሦስቴ የወሰደ ከእሱ ሌላ እስካሁን የለም።

አንድ ሚሊዮን ዶላሩን ከባክስተር ጋር ለሁለት ተካፈሉት። የእሱ ድርሻ ወራት አልቆየም። በቀጣዩ ዓመት ባክስተር ድጋሚ ሊከፍልለት ተዘጋጅቶ ነበር፤ አንገር ግን ውድድሩ ሊጀመር ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው አልችልም ብሎ ቀረ።

ኅዳር 1998 እ.ኤ.አ. በላስ ቬጋስ አንድ ርካሽ ሞቴል ውስጥ ሞቶ ተገኘ። 45 ዓመቱ ነበር። ምክንያቱ ለዓመታት በዕፅ የተጎዳው ልቡ ነው ተባለ። የተገኘበት ገንዘብ 800 ዶላር ገደማ ነበር፤ ለቀብሩ ወጪ ከለቀስተኛው ተዋጣ።