ሉዊ ፓስተር፦ ቀኝን ወደ ግራ ለመገልበጥ አውሮፓን ያዳረሰው ሳይንቲስት

ፓስተር የሚለውን ስም ሳያውቁት አይቀሩም። በወተት ማሸጊያ ላይ የሚያነቡት ፓስቸራይዝድ የሚለው ቃል የተወሰደው ከእርሱ ስም ነው። አዲስ አበባ ኖረው ከሆነ ደግሞ ጉለሌ የሚገኘውን የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ግቢ ብዙ ሰው እስከ ዛሬ ፓስተር እያለ እንደሚጠራው ያስታውሳሉ።

ሰውየው ግን ከጀርሞች ጋር ከመታገሉም ሆነ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትን ከመሥራቱ በፊት ሌላ ጥያቄ እንቅልፍ ነስቶት ነበር። ጥያቄው አንድ ቀኝ የሆነ ሞለኪውል በመስታወት ውስጥ ወደሚታየው ግራ መንትያው ሊለወጥ ይችላል ወይ የሚል ነው።

ነገሩ ለኬሚስቶች ብቻ የሚተው ሊመስልዎት ይችላል። ከዓመታት በኋላ ግን በሺህ የሚቆጠሩ ሕጻናት ሕይወት ከዚሁ ጥያቄ ጋር ተያይዞ ተነስቷል።

ሁለቱን እጆችዎን ይመልከቱ

ወደ ፓስተር ሕይወት ከመግባታችን በፊት እስኪ ሁለቱን እጆችዎን ይመልከቱ። ጣቶቹም መዳፉም አንድ ዓይነት ናቸው። የቀኝ እጅ ጓንት ግን ለግራ እጅዎ አይሆንም። ቀኝ እጅዎን መስታወት ፊት ቢያቆሙ ደግሞ በመስታወቱ ውስጥ የሚያዩት ግራ እጅ ነው።

ብዙ ሞለኪውሎችም እንዲሁ ናቸው። አንድ ዓይነት አተሞች በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ተያይዘው አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል ይሆናል። ክብደታቸውም ሆነ የሚቀልጡበት ሙቀት እኩል ነው። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚርገበገብ ብርሃን ሲያልፍባቸው ግን አንደኛው ብርሃኑን ወደ ቀኝ፣ ሌላኛው በዚያው መጠን ወደ ግራ ያዞረዋል።

የቆዳ አልፊው ልጅ

ሉዊ ፓስተር በፈረንጆቹ ዲሴምበር 27 ቀን 1822 በምሥራቅ ፈረንሳይ ዶል በተባለች ከተማ ተወለደ። አባቱ በናፖሊዮን ጦር ውስጥ በሳጅንነት ያገለገሉ ቆዳ አልፊ ነበሩ። ቤተሰቡ ኋላ ላይ የወይን አገር ወደሆነችው አርቧ ተዛወረ።

ልጁ በትምህርቱ መካከለኛ፣ በሥዕል ግን ጎበዝ ነበር። የወላጆቹንና የጎረቤቶቹን መልክ በቀለም ጠመኔ የሳለባቸው ሥራዎች እስከ ዛሬ አሉ። በ15 ዓመቱ ለትምህርት ወደ ፓሪስ ቢላክም የቤት ናፍቆት አሸንፎት ተመለሰ። ቆይቶም ታዋቂውን ኤኮል ኖርማል ሱፔሪየር ለመግባት ተፈትኖ ቢያልፍም ደረጃው ስላላረካው እንደገና ተፈተነና በ1843 ገባ።

በ1848፣ በ25 ዓመቱ፣ ከወይን ጠጅ በርሜል ግድግዳ ላይ ከሚጋገረው ደለል የሚወጣውን ታርታሪክ አሲድ ያጠና ጀመር። ይህ አሲድ ብርሃንን ወደ ቀኝ ያዞራል። በአንጻሩ ሬሲሚክ አሲድ የሚባል አንድ እንቆቅልሽ የሆነ ዘመዱ ነበር። ስሙ በላቲን የወይን ዘለላ ማለት ከሆነው ቃል የመጣ ነው። በኬሚካዊ ቅንብሩ ታርታሪክ አሲድን ሲመስል ብርሃንን ግን ፈጽሞ አያዞርም።

ፓስተር የሬሲሚክ አሲዱን ጨው አደረቀና ክሪስታሎቹን በማጉያ መነጽር መረመረ። ከፊሎቹ ላይ ትንሿ ገጽ ወደ ቀኝ፣ በከፊሎቹ ላይ ወደ ግራ አዘንብላ አገኛት። በወረንጦ አንድ በአንድ ለቅሞ በሁለት ክምር ለያያቸው። በውኃ ሲያሟሟቸው አንደኛው ክምር ብርሃኑን ወደ ቀኝ፣ ሌላኛው ወደ ግራ አዞረው። እንቆቅልሹ ተፈታ፤ ሬሲሚክ አሲድ የቀኝና የግራ መንትዮች እኩል ድብልቅ ነበር።

ዕድልም ረድቶታል። ያ ጨው ሁለት ዓይነት ክሪስታል ሆኖ የሚለያየው ሙቀቱ ከ27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ሲሆን ብቻ ነው። ይህን ጽሑፍ በሐምሌ ወር በዱባይ ወይም በሪያድ ሆነው የሚያነቡ ከሆነ፣ ማቀዝቀዣ በሌለው ክፍል ሙከራውን ቢደግሙት ምንም የሚለቀም ነገር አያገኙም።

የብርሃን መዞርን በ1815 የደረሱበት ዣን ባፕቲስት ቢዮ በወቅቱ የ74 ዓመት አዛውንት ነበሩ። ወጣቱን ከማመናቸው በፊት አስጠርተው፣ ራሳቸው ባዘጋጁት አሲድ ሙከራውን ዓይናቸው እያየ አስደገሙት። ውጤቱን ሲያዩ ክንዱን ይዘው ደስታቸውን ገለጹለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ሕልፈታቸው ደጋፊው ሆኑ። በዚያው ዓመት ግን ፓስተር እናቱን በሞት አጣ።

መገልበጥ ይቻል ይሆን?

በ1849 ፓስተር በስትራስቡርግ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ፤ በዚያም ማሪ ሎራንን አገባ። ማሪ የቤት እመቤት ብቻ አልነበረችም። ማታ ማታ ጽሑፉን እየገለበጠች የሥራው አጋር ሆና ኖራለች።

አሁን ሌላ ጥያቄ መጣ። ሬሲሚክ አሲድ በ1820 አካባቢ በአልሳስ፣ ታን ከተማ ባለ ፋብሪካ በአጋጣሚ ከተገኘ በኋላ ማንም መልሶ ሊሠራው አልቻለም ነበር። የፓሪስ የፋርማሲ ማኅበር ከታርታሪክ አሲድ ሠርቶ ለሚያወጣው ሰው 1,500 ፍራንክ ሽልማት አዘጋጀ።

ጥያቄው ምን ማለት እንደሆነ ልብ ይበሉ። ሬሲሚክ ግማሹ ቀኝ፣ ግማሹ ግራ ነው። ከቀኙ ብቻ ተነስቶ ሬሲሚክን መሥራት ማለት ግማሹን ቀኝ ወደ ግራ መገልበጥ ማለት ነው።

ፓስተር በ1852 ሻንጣውን ይዞ ተነሳ። ላይፕዚሽን፣ ድሬስደንን፣ ቪየናንና ፕራግን እያዳረሰ የአሲዱን ምንጭ ከፋብሪካ ፋብሪካ ፈለገ። ፍንጭ ቢያገኝም ዋናው መልስ የጠበቀው ስትራስቡርግ በሚገኘው ቤተ ሙከራው ነበር።

ታርታሪክ አሲድ ብቻውን በብርቱ ሙቀት ይበላሻል። ስለዚህ ፓስተር ኪኒን ከሚወጣበት ዛፍ ከሚገኘው ሲንኮኒን ጋር አዋሕዶ በ170 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ለሰዓታት አሞቀው። በ1853 ከጠቆረው ዝቃጭ ውስጥ ሬሲሚክ አሲድ አወጣ። ቀኙ በከፊል ግራ ሆኗል ማለት ነው። ከዚሁ ጋር ብርሃንን የማያዞር፣ ወደ ቀኝና ግራም የማይለያይ ሌላ ዓይነት ታርታሪክ አሲድ አገኘ።

ሽልማቱን አሸነፈ፤ ከገንዘቡም ግማሹን ለቤተ ሙከራው ዕቃ አዋለው። በዚያው ዓመት አባቱ በወታደርነት ያገኙትን የሌጅዮን ዶነር ኒሻን እርሱ በሳይንስ አገኘ።

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን የታወቀው ግን ከ1874 በኋላ ነው። ቫንት ሆፍና ለ ቤል የተባሉ ሁለት ወጣት ኬሚስቶች ካርቦን አራት እጆቹን ወደ አራት ማዕዘናት እንደሚዘረጋ አስረዱ። በአራቱ እጆች ላይ አራት የተለያዩ ነገሮች ሲያዙ ቀኝና ግራ ይፈጠራል።

ሞለኪውሉን ለመገልበጥ ከእጆቹ አንዱ የያዘውን ለአፍታ መልቀቅ አለበት። በታርታሪክ አሲድ የሚለቀቀው ሃይድሮጅን ነው። በዚያች ቅጽበት ካርቦኑ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ሃይድሮጅኑም ከላይ ወይም ከታች ተመልሶ ሊጣበቅ ይችላል። በመጣበት በኩል ከተመለሰ ቀኝ እንደነበረ ይቀራል፣ በሌላው በኩል ከመጣ ግን ይገለበጣል። ታርታሪክ አሲድ እንዲህ ዓይነት ሁለት ካርቦኖች ስላሉት ሁለቱም ሲገለበጡ ግራ መንትያው ይወጣል። አንዱ ብቻ ሲገለበጥ ደግሞ ያ ፓስተር ያገኘው ብርሃን የማያዞር ዓይነት ይወጣል።

ከክሪስታል ወደ ሕይወት

ፓስተር ብዙ ሳይቆይ አንድ ሻጋታ ከሬሲሚኩ ቀኙን ብቻ እየበላ ግራውን እንደሚተው አየ። ሕያው ነገር ቀኝና ግራ ይለያል ማለት ነው። ወደ እርሾና ወደ ጀርም ዓለም የወሰደው አንዱ መንገድ ይህ ነበር።

ቤቱ ግን ከሐዘን አላመለጠም። ከአምስት ልጆቹ ሦስቱ በልጅነታቸው ሞቱ፤ ሁለቱን የወሰደው ታይፎይድ ነው። በ1868፣ በ45 ዓመቱ፣ ስትሮክ መታውና ግራ እጅና እግሩ ደከመ። ከዚህ ሁሉ በኋላ በ1885 በእብድ ውሻ የተነከሰውን የ9 ዓመት የአልሳስ ልጅ ጆሴፍ ማይስተርን ከተበ፤ ልጁም ዳነ። በፓሪስ የፓስተር ኢንስቲትዩት በ1888 ተመረቀ። ፓስተር ሴፕቴምበር 28 ቀን 1895 አረፈ፤ አስከሬኑም በዚያው ኢንስቲትዩት ምድር ቤት ይገኛል።

በእርስዎ መድኃኒት ሳጥን ውስጥ

ለራስ ምታት የሚወስዱት አይቡፕሮፌን በአብዛኛው የቀኝና የግራ ድብልቅ ነው። ሕመሙን በዋናነት የሚያስታግሰው አንዱ መንትያ ነው። ሰውነትዎ ደግሞ የሌላኛውን ትልቅ ክፍል ወደሚሠራው ይገለብጠዋል። እዚህ ላይ መገልበጡ ይጠቅምዎታል።

በታሊዶማይድ የሆነው ግን ሌላ ነው። ይህ መድኃኒት በ1957 በምዕራብ ጀርመን ገበያ ላይ ወጣ፤ ነፍሰ ጡሮችም ለማቅለሽለሽ ወሰዱት። በ1961 መጨረሻ እስኪታገድ ድረስ ከ10,000 በላይ ሕጻናት የአካል ጉዳት ይዘው ተወለዱ። ብዙ ጊዜ ጉዳቱን ያመጣው አንዱ መንትያ ብቻ ስለሆነ ሌላውን ለይቶ መስጠት በቂ ነበር ሲባል ይሰማል። ይህ ግን አያድንም። በሰውነት ውስጥ ሁለቱ በሰዓታት ጊዜ አንዱ ወደ ሌላው ይገለበጣሉና፣ ደኅና የተባለውን የዋጠች እናት ሌላውንም በደሟ ውስጥ ታገኘዋለች።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ1992 ባወጣው መመሪያ አምራቾች ሁለቱን መንትዮች ለየብቻ እንዲያጠኑ፣ በሰውነት ውስጥም ይገለበጡ እንደሆነ እንዲመረምሩ ጠይቋል። ስለዚህ አንድ አዲስ መድኃኒት እጅዎ ሲገባ፣ ፓስተር በስትራስቡርግ የጠየቀው ጥያቄ ከእርስዎ በፊት ተጠይቆለታል ማለት ነው።