ቅዱስ ድሜጥሮስና 532

ቅዱስ ድሜጥሮስ የእስክንድርያ ዐሥራ ሁለተኛው ሊቀ ጳጳሳት ነው። በትውፊት እንደሚነገረው አትክልተኛ ነበረ እንጂ የተማረ ሰው አልነበረም። ወይን በማይገኝበት ወራት አንድ ዘለላ አግኝቶ ለሊቀ ጳጳሱ ለዩልያኖስ ቢወስድለት፥ ወራሹ ይህ መሆኑን መልአክ አስቀድሞ ነግሮት ነበርና እርሱን ሾመው። ዘመኑም እንደ አውሮጳ አቆጣጠር 189 ዓ.ም. ነው። ሕዝቡ ሚስት ያለው ሰው እንዴት ይሾማል ብሎ ስላጕረመረመ፥ ከሚስቱ ጋር እንደ እኅትና ወንድም መኖሩን ለማስረዳት ፍሕም በልብሱ ይዞ በጉባኤው መካከል ዞረ፤ ልብሱም አልተቃጠለም ይባላል።

ኦሪጌንስን ገና በ18 ዓመቱ (ይኸውም በእኛ ዕድሜ መሆኑ ነው) የእስክንድርያ ትምህርት ቤት አለቃ ያደረገው እርሱ ነው። ኋላ ግን ተጣልተው ከከተማይቱ እንዲወጣ አደረገ፤ ይህ ሥራው ለስሙ የሚጠቅም አይመስለኝም።

በአገራችን ግን ድሜጥሮስ የሚታወሰው በባሕረ ሐሳብ ነው። የዚህም ትልቁ ቍጥር ዐቢይ ቀመር የሚባለው 532 ነው። የጨረቃ ዑደት 19 ዓመት ሲሆን የፀሐይ ዑደት 28 ዓመት ነው። 19 ከራሱና ከ1 በቀር አካፋይ የለውም። የ28 አካፋዮች 1፥ 2፥ 4፥ 7ና 14 ግን ቢደመሩ ራሱን 28ን ይሰጣሉ፤ ስለዚህ ፍጹም ቍጥር ይባላል። ሁለቱ ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው፥ አብረው ተነሥተው እንደ ገና የሚገናኙት ከ532 ዓመት በኋላ ብቻ ነው። ጨረቃ በ20 ዓመት ብትመለስ ኖሮ 140 ዓመት በበቃ ነበር። የ532 አካፋዮች ከራሱ በቀር ቢደመሩ 588 ስለሚሆኑ፥ ይህ ቍጥር እንደ 28 ፍጹም አይደለም፤ ትርፍ አለው።

የታሪክ ሊቃውንት የ19ኙን ዓመት ሰንጠረዥ ለፋሲካ ያዋለው ከድሜጥሮስ በኋላ የተነሣው አናቶልዮስ፥ 532ን የቀመረውም በአምስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነበረው መነኵሴ አንያኖስ ነው ይላሉ። እንግዲህ ሥራው የብዙ ሰዎች ነው፤ ስሙ ግን ለአትክልተኛው ቀረ።

ሒሳቡን በአምባ መቅደላ እንፈትነው። 1860 ዓ.ም. በዓመተ ዓለም 7360 ነው። ለ19 ቢካፈል 7 ይተርፋል፤ አንድ ቢቀነስ ወንበሩ 6 ይሆናል። 6 በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 24 ነው። መስከረም 24 ዓርብ ዋለ፤ የዓርብ ተውሳክ 2 ሲጨመር መባጃ ሐመር 26 ይሆናል፤ ስለዚህ ነነዌ ጥር 26 ገባ። ከዚያ 69 ቀን ቢቈጠር ፋሲካ ሚያዝያ 5 ነው። ዓፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን የሠዉት በማግሥቱ ሰኞ ሚያዝያ 6 ነው። ከዚያ 532 ዓመት ቀድሞ በ1328 ዓ.ም. በዓፄ ዐምደ ጽዮን ዘመን ፋሲካ በዚሁ ቀን ውሎ ነበር፤ በ2392 ዓ.ም. ደግሞ እንዲሁ ሚያዝያ 5 ይውላል።