አፄ ቴዎድሮስና የጋፋት መንደር ምሥረታ

አፄ ቴዎድሮስ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። የቀድሞ ስማቸው ካሳ ኃይሉ ነበር። ከሽፍትነት ተነሥተው ተቀናቃኞቻቸውን በየተራ ድል ካደረጉ በኋላ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ዘውድ ጫኑ። ይህ በሰፊው የተነገረ ታሪክ ሲሆን፣ በደቡብ ጎንደር ከደብረ ታቦር አጠገብ ስለመሠረቷት የጋፋት መንደር የሚወሳው ግን ጥቂት ነው።

በ1840ዎቹ መጨረሻ በስዊዘርላንድ የክሪሾና ተቋም የሠለጠኑ ወጣት ሚስዮናውያን ወደ ኢትዮጵያ መምጣት ጀመሩ። ቫልድማየር፣ ሳልሙለር፣ ቤንደርና ማየር ከእነዚሁ መካከል ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ከስብከታቸው ይልቅ የእጅ ሙያቸውን ፈለጉት። በጋፋት መሬት ሰጥተው አሰፈሯቸው፤ ፖላንዳዊው ብረት አቅላጭ ሞሪትስ ሆልና ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎ ተጨመሩባቸው። መኖሪያ ቤትና የሥራ ቤት ተሠራ፤ ከሰፋሪዎቹም አገር ውስጥ ያገቡ ነበሩ። የአገሩ ወጣቶችም ሙያ እንዲማሩ ተመደቡላቸው። ዛሬ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና የሚባለው ሥራ በዚያ ዘመን እዚህ መሞከሩ ሊጤን የሚገባው ነው።

ሰፋሪዎቹ መድፍ መሥራት እንደማያውቁ ቢያስረዱም ንጉሡ አልተቀበሏቸውም። የመጀመሪያው ሙከራ ሳይሳካ ቀረ፤ ደግመው እንዲሞክሩ ታዘዙ፤ በመጨረሻም ተሳካላቸው። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የእነዚሁ ባለሙያዎች ሥራ ነው።

ይሁንና መንደሯ ዕድሜ አላገኘችም። ንጉሡ በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት የላኩት ደብዳቤ መልስ በማጣቱ የእንግሊዝ ቆንስል ታሰረ፤ የቤጌምድር ሕዝብም በዘረፋ ተማርሮ ሸፈተ። በ1859 ዓ.ም. የጋፋት ሰፋሪዎች በጥበቃ ሥር ወደ ደብረ ታቦር ተዛወሩ። በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ ደብረ ታቦር ተቃጠለችና ሠራዊቱ መድፎቹን እየጎተተ ወደ መቅደላ ተነሣ።

ጉዞው በጋይንት በኩል ነበር፤ በቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት በሚታወቀው አገር ማለት ነው። ከዚያ በጨጨሆ አልፎ የጅጣንና የበሽሎን ገደሎች ለመሻገር መንገዱ በየደረጃው መቆፈር ነበረበት። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ በመፈንቀል ይሠሩ ነበር። ሴባስቶፖል መቅደላ የደረሰው ከስድስት ወር ገደማ በኋላ በመጋቢት 1860 ዓ.ም. ነው። ንጉሡ ከእንግሊዝ ጦር እጅ ላለመውደቅ በሚያዝያ ወር ራሳቸውን ሠዉ።

ከጋፋት ሰፋሪዎች ቫልድማየር ወደ ሊባኖስ ሄዶ በብሩማና ትምህርት ቤት መሠረተ። ሴባስቶፖል በመቅደላ አምባ ላይ ቀርቷል፤ አምሳያው በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል።